ድር ሜዳና የሰማንያው ዋንጫ

ልጅ ሆኜ የጉለሌ ጠዋት የሚጀምርልኝ በክር ነበር። ከቁስቋም ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ቤቶቹ መተፋፈግ ከመጀመራቸው በፊት፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች ሜዳ ነበረች። በቀበሌው ዘንድ ስም ይኑራት አይኑራት አላውቅም፤ እኛ ድር ሜዳ ነበር የምንላት። ሸማኔ ከመሸመኑ በፊት ድሩን ማድራት አለበት። ችካል ተክሎ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰ ይዘረጋል፤ ለዚህም ረጅም ቦታ ያስፈልገዋል። አባቴና ጓደኞቹ ጤዛው ሳይረግፍ ወጥተው ችካላቸውን ይመታሉ። ፀሐይ ወጣ ስትል ሜዳዋ ከዳር እስከ ዳር በነጭ መስመር ተሰምራ፣ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ለሚያያት ገና ያልተጻፈበት የተማሪ ደብተር ትመስላለች። እርጥብ ሣርና አዲስ ጥጥ ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ሽታ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ከሰዓት በኋላ ችካሉ ይነቀልና ሜዳዋ የልጆች ትሆናለች። ወንዶቹ ኳሳቸውን ይጫወታሉ፤ እኛ ሴቶቹ ከዳር ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ እንዘላለን። ታላቅ ወንድሜ ደመቀ የሰፈሩ ቡድን አጥቂ ነበር። ሜዳዋ ስላዘነበለች ከላይ ወደ ታች የሚጫወት ቡድን ጎል አይቸግረውም፤ ኳሷ አንዴ ካመለጠች ግን ቁልቁል ወደ ወንዙ ነው፣ እስክትመጣ ጨዋታው ይቆማል። ሸማኔዎቹና ኳስ ተጫዋቾቹ ተጋጭተው አያውቁም። ጠዋቱ የክር፣ ከሰዓቱ የኳስ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ሁሉም ያውቃል። አባዬም ሥራውን ጨርሶ፣ ችካሉን እንደታቀፈ ቆሞ ደመቀ ሲጫወት ማየት ይወድ ነበር። "ቀኝ እግሩ የእኔ ነው" ይላል። "ግራው በእናቱ ወጥቶ ነው የማይረባው።" እማዬ ይህን በሰማች ቁጥር "ቀኙንም እኔ ነኝ የወለድኩት" እያለች ትስቃለች።

ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ገብቶ ትምህርት ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ነው ወሬው የመጣው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ግዛው እሑድ ጠዋት ስብሰባ ጠራ። ጓድ ግዛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪውን በጥንቃቄ የሚተኩስ ሰው ነበር። ከስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲወስድ ፊት ስለሚነሡት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንደ ወትሮው ስለ አብዮቱ ረጅም ንግግር አደረገና፣ ድንገት ፊቱ በራ። "የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የእግር ኳስ ዋንጫ በአገራችን ሊካሄድ ነው!" አለ። ተጨበጨበ። "ከእንግዶቹ ቡድኖች አንዱ ልምምድ የሚያደርገው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ?" መልሱን ራሱ ሰጠው፤ "እዚሁ! በእኛው ሜዳ!"

የዚያን ዕለቱ ጩኸት የአዳራሹን ቆርቆሮ ሊያነሣው ነበር። ደመቀ ወንበር ላይ ወጣ። አባዬ ከጎኑ ያገኘውን ሰው አቅፎ ሳመው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እንኳን እልል አለች። እትዬ አስካለ ጥጥ ፈትላ የምትኖር፣ ስብሰባ ላይም እንዝርቷን የማትጥል፣ ምላሷን ደግሞ ቀበሌው ሁሉ የሚፈራት ሴት ነበረች። በስብሰባ ላይ እልል ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ግሬደር መጣ። ልጆች ሁላችን ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ምሳችንን እንኳን ሳንቀምስ ሮጠን ሄደን፣ ያ ቢጫ ማሽን የሜዳዋን ጉብታ እየላጨ ወደ ጎድጓዳው ሲገፋ ቆመን አየን። እሑድ እሑድ ሰፈሩ በሙሉ ለዘመቻ ይወጣል፤ እናቶች ድንጋይ ይለቅማሉ፣ አባቶች አፈር ይዝቃሉ፣ እኛ በሸክላና በጣሳ ውኃ እናመላልሳለን። አቀበቷ ሜዳ ቀስ በቀስ ጠረጴዛ ሆነች። ሣር ተተከለባት። ከዋናው መንገድ እስከ ሜዳው ያለው፣ ክረምት ክረምት ጫማ የሚውጠው መንገድ ጠጠር ለበሰና ሬንጅ ፈሰሰበት። የሬንጁ ሽታ ለሳምንታት በየቤቱ ገብቶ ከወጡ ጋር ሲበላ ከረመ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሣሩ ተብሎ የውኃ መስመር ተዘረጋና ከሜዳው ማዕዘን ላይ ቦኖ ተተከለ። እማዬና እትዬ አስካለ እስከዚያ ድረስ ውኃ የሚቀዱት ወንዝ ወርደው ነበር። ቦኖው የተከፈተ ዕለት እትዬ አስካለ ውኃውን በእፍኟ ይዛ ፊቷን ታጠበችና "ኳስ እንዲህ የምታደርግ ከሆነ፣ በየዓመቱ ትምጣልን!" አለች።

እኔም ድርሻዬ ደረሰኝ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የስፖርት አስተማሪያችን በመክፈቻው ዕለት ስታዲየም ውስጥ ትርዒት የሚያሳዩ ልጃገረዶች ሲመርጥ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "አየለች ዘለቀ፣ ውጪ!" የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከሰፈራችን የተመረጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ነጭ ሸራ ጫማ ተሰጠን፤ አዲስ፣ የላስቲኩ ሽታ ገና ያልለቀቀው። ከዚያ ወዲያ ግን ሒሳብ ተረሳ። ልምምዱ የትምህርቱን ሰዓት እየበላ ከምሳ በፊት ጀምሮ እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ያቆመን ነበር። ክንድ ዘርጋ፣ ጎንበስ፣ ዙር፣ እንደገና። ከሰልፉ አንዷ ከተሳሳተች ሁላችንም ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ዳቦ በማርማላታና ሻይ ይሰጡናል፤ ብዙዎቻችን ማርማላታን ያወቅነው ያኔ ነው። በዚያ ዓመት ክፍልፋይ የሚባል ሒሳብ አመለጠኝ፤ እስከ ዛሬም አልያዝኩትም።

ደስታው ላይ ጥላ ያጠላው አጥሩ የመጣ ቀን ነው። ጠዋት አባዬና ጓደኞቹ ችካላቸውን ይዘው ሲወጡ ሜዳው ዙሪያውን እንጨት ተተክሎበት ቆርቆሮ እየተመታበት አገኙት። ትልቅ የብረት በርም ነበር። ከበሩ ፊት የሰፈራችን አብዮት ጠባቂ ጋሽ ቶሎሳ ጠመንጃውን በትከሻው፣ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ ቆሟል። ጋሽ ቶሎሳ የዋህ ሰው ነበር፤ ሸማኔዎቹን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት ተከለ። ጓድ ግዛውም እዚያው ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አባዬን ከኋላው ደርሼበት ስለነበር ንግግራቸውን ሰማሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነን" አለ አባዬ። "እንግዶቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ ጨርሰን እንወጣለን።"

"አቶ ዘለቀ፣ ሣር ተተክሏል እኮ። ችካል ሣሩን ይበሳሳዋል።"

"ገናና ጥምቀት ደረሱ። የሰው ሥራ ተቀብለናል። ታዲያ የት እናድራ?"

"እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጸዳም እንዴ? ትንሽ ቀን ቢታገሡ ምናለበት?"

"ቤትማ ይጸዳል" አለ አባዬ ለስለስ ባለ ድምፅ። "ባለቤቱን ግን ከቤት አያስወጡትም።"

ጓድ ግዛው ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ "ሚስማሩን አጥብቁት!" አለ።

ያን ሰሞን የተነሡት ሸማኔዎቹ ብቻ አልነበሩም። በመንገዱ ማዕዘን ላይ ጉልት ተቀምጠው ሎሚና ቆሎ የሚሸጡ እማማ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከቆሏቸው ለምርቃት እፍኝ ይጨምሩልን ነበር። የእንግዶቹ መኪና በዚያ ስለሚያልፍ ተነሡ ተባሉ። እሳቸውም ላስቲካቸውን ጠቅልለው፣ ቁናቸውን ተሸክመው ሄዱ። ወደ ዊንጌት በኩል ልጃቸው ዘንድ ገቡ ሲባል ሰማን። ዋንጫው አልቆ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ሲመለስ እሳቸው አልተመለሱም። የሰማንያን ዋንጫ ሳስብ ደስታው መሐል የምትቀር ባዶ ቦታ አለች፤ የእሳቸው ናት።

ሸማኔዎቹ ድራቸውን በየቤቱ መሐል ባለው ጠባብ መተላለፊያ መዘርጋት ጀመሩ። ምን ዓይነት ሥራ እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ሰው ሲያልፍ ጎንበስ ይላል፣ ዶሮ ይጠላለፋል፣ የታጠበ ልብስ ከላይ ይንጠባጠባል። አንድ ቀን ከልምምድ ስመለስ እንጨት የጫነ አህያ በድሩ መሐል አልፎ፣ የሁለት ቀን ልፋት እንደ ሸረሪት ቤት ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አባዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የተበጠሰውን ክር አንድ በአንድ እየቀጠለ ነው። አይሳደብም፤ አንገቱንም ቀና አያደርግም። ነጩን ጫማዬን አደረግኩ ብዬ ኮራ ብዬ ስመጣ የነበርኩት ልጅ፣ እግሮቼን ከቀሚሴ ስር ልደብቃቸው ሞከርኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። "ጫማሽ ምን አደረገሽና ነው የምትደብቂው?"

"እንዲሁ ነው።"

"በዋንጫው የተናደድኩ መሰለሽ? ዋንጫው ምን በደለኝ።" የያዛትን ክር በጣቶቹ አሸት አደረጋት። "እኔ የከፋኝ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ቢጠይቁኝ ኖሮ ራሴ መላ እፈልግላቸው ነበር። አንቺ ግን ከሰፈሩ የሄድሽው አንድ ለእናትሽ ነሽ። ስታዲየም ስትገቢ ክንድሽን በደንብ ዘርጊ። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ አባዬ።"

"እስቲ አሳዪኝ።" እዚያው መተላለፊያው ውስጥ፣ በክሮቹ መሐል ቆሜ ክንዴን ዘረጋሁ። ሁለቱም እጆቼ የሁለቱን ቤት ግድግዳ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። አባዬ ሳቀ። ከስንት ቀን በኋላ።

የቀጣዩ እሑድ ስብሰባ ላይ እትዬ አስካለ እንዝርቷን ይዛ ብድግ አለች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዋንጫው ሲያልቅ ሜዳው ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? እዚሁ ሰው ፊት ይንገሩን።" ጓድ ግዛው የካኪውን ኮሌታ አስተካከለ። "ይከፈታል" አለ። እሷም ወደ ሰዉ ዞራ "ሰምታችኋል አይደል?" ብላ ተቀመጠች። ሁላችንም ቀለል አለን። ግን ብዙ አልቆየም። ጋሽ ቶሎሳ ጠላ ቤት ውስጥ ልቡ አልችል ብሎት ለአባዬ ሹክ አለው። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ሜዳውን በሜትር ለክተው ሄደዋል። አጥሩ እንዳለ ይቆይና ዋንጫው ሲያልቅ መጋዘን ይሠራበታል ተብሏል። "ግዛውም ያውቃል" አለ። "ግን ምን ይበል?"

አባዬ ለእማዬ ሲነግራት ደመቀ ሰማ። ማታ ራቱን አልበላም። ለእሱ ሜዳው ከኳስም በላይ ነበር። በእሱ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ለውትድርና እየታፈሰ፣ መንገድ ላይ ሲንከላወስ መታየት በማይመከርበት፣ እናቶች በየደጃፉ ቆመው የልጆቻቸውን መመለስ በሚጠብቁበት ዘመን፣ ድር ሜዳ እናቶቹ ከየበራቸው ሆነው የሚያዩዋት ቦታ ነበረች። እማዬ በዚያ ዓመት እንደፈራችው ፈርታ አታውቅም።

የመክፈቻው ዕለት ደረሰ። በአውቶቡስ ተጭነን እየዘፈንን ስታዲየም ሄድን። በመግቢያው ዋሻ በኩል ወደ ሜዳው ስንወጣ የሰው ድምፅ እንደ ውኃ ሙላት መጣብን። እንዲህ ያለ ብዙ ሰው አንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ከበሮው ሲመታ ግን ሰውነቴ ራሱ አስታወሰው። ጎንበስ፣ ዙር፣ ክንድ ዘርጋ። በዚያ ግዙፍ ሜዳ ላይ እጄን ስዘረጋ የሚነካኝ ግድግዳ አልነበረም። ሕዝቡ ሜዳውን በጭብጨባ ሲያናውጠው፣ ያ ሁሉ ፀሐይና ያ ሁሉ "ከመጀመሪያው ጀምሩ" አንድ አፍታ ተረሳ። አባዬ ከሁሉ ርካሹ ቦታ ገብቶ ኖሯል፤ ሁላችንም ነጭ ለባሽ ስለሆንን እኔን ለይቶ ማየት እንደማይችል የታወቀ ነው። ማታ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ "አየኋት! ከሁሉም ክንዷ የተዘረጋው የእሷ ነው!" እያለ ሲምል አመሸ። ማንም አልተከራከረውም።

እንግዶቹ ልምምድ ሊያደርጉ ሲመጡ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ተለጠፈ። በሚስማር ቀዳዳ በኩል በአንድ ዓይን ማየት ነው። ረጃጅሞች፣ ቀልጣፎች፣ ማልያቸው እንደ ብርቱካን የሚያበራ። እየተፈራረቅን አየን፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ "በቃህ፣ ተራዬ ነው" እየተባባልን። አንድ ከሰዓት በኋላ ኳሳቸው አጥሩን ዘልላ እንደ ጥንቱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ተንከባለለች። ደመቀ ተከትሏት ወረደ። እውነተኛ የቆዳ ኳስ በእግሩ ሲነካ የመጀመሪያው ነበር። ከቁልቁለቱ ሆኖ ወደ ላይ አጥሩን አየ፣ ሦስት ርምጃ ወደ ኋላ ሄደና በዚያ በአባዬ ቀኝ እግር ለጋት። ኳሷ ቆርቆሮውን አልፋ ገባች። ከውስጥ በማናውቀው ቋንቋ ሳቅና ጩኸት፣ ቀጥሎም ጭብጨባ ተሰማ። ጋሽ ቶሎሳ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያይ አንዱ ተጫዋች አውራ ጣቱን ለደመቀ አነሣለት። እንግዶቹ ከዚያ በኋላ ብዙም አልመጡም፤ ከውድድሩ ወጡና ወደ አገራቸው ሄዱ። ለዚያች ለጥቂት ቀን ልምምድ ነበር ያ ሁሉ ቆርቆሮ። ደመቀ ግን ያቺን ምት እስከ ዛሬ ያወራታል፤ በየዓመቱ ርቀቷ እየጨመረ።

የእኛ ቡድን ለፍጻሜ ደረሰ። ከዚምባብዌ ጋር ነው። በዚያን ቀን ጓድ ግዛው የቀበሌውን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አስወጥቶ አዳራሹ መስኮት ላይ አስቀመጠው፤ ሰፈሩ በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤ ናቸው እየተባሉ በሹክሹክታ የሚታሙት ጎረቤቶቻችንም፣ ሸማኔውም፣ ካድሬውም ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆመ። አባዬና ጓድ ግዛው ከአጥሩ ጊዜ ጀምሮ ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ነበር። በዚያ መተፋፈግ ግን ግፊያው አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

አገቡብን። ጊዜው ይሄዳል፣ ጎል የለም። ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው አንዳንዱ "በቃ፣ አለቀ" እያለ ነጠላውን እያስተካከለ መውጣት ጀመረ። እትዬ አስካለ ማየት አቅቷት ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ እንዝርቷን ታሾራለች፤ በየመሐሉ "ምን ሆነ?" ትላለች። "ምንም" እንላታለን። "ምን ሆነ?" "ምንም አልሆነም እትዬ አስካለ!" ድንገት ግቢው ፈነዳ። አንድ ለአንድ! የወጡት ሰዎች እየሮጡ ተመለሱ። አንዱ በአንድ እግር ጫማ ነው የተመለሰው።

ከዚያ ወደ መለያ ምት ተሄደ። የእኔ ዘመን ሰው ያንን ሰዓት የት እንደነበረ ይነግራችኋል። በእያንዳንዱ ምት አንድ ሺህ ጸሎት ይሰማል፤ ጮክ ብሎ መጸለይ በማያስደፍርበት ግቢ ውስጥ "እመቤቴ ድረሺ" የማይል አልነበረም፤ ጓድ ግዛውም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። የመጨረሻዋ ኳስ መረብ ስትነካ ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። እኔ ከመሬት ተነሥቼ በደመቀ ትከሻ ላይ ነበርኩ። ከላይ ሆኜ ያየሁት ግን ይህን ነው፤ ጓድ ግዛው አባዬን አንገቱን አንቆ ያለቅሳል፤ ያ ሁሌ የሚተኮሰው ካኪ ተጨማድዶ፣ ኮፍያው የት እንደወደቀ ሳያውቅ።

ሰዉ ወደ መንገድ ፈሰሰ። ጀሪካን ከበሮ ሆነ፣ ድስት ከበሮ ሆነ። ግን ሰፈራችን ለዚያ ሁሉ ደስታ ጠባብ ነበር። መተላለፊያው ውስጥ መገፋፋት ሆነ፣ ልጆች ማልቀስ ጀመሩ። ያኔ እትዬ አስካለ ድምፅዋን ከሁሉም በላይ አድርጋ ጮኸች፤ "ወደ ሜዳው!"

ሰልፉ በአንድ ጊዜ ዞረ። በአዲሱ ሬንጅ መንገድ እየጨፈርን ወጣን። ከብረቱ በር ስንደርስ ጋሽ ቶሎሳ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል፤ ዘፈኑ ቀስ በቀስ በረደ። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። እሱ እኛን ያያል፣ እኛ እሱን እናያለን። ሰዉ ተከፈለና ጓድ ግዛው ያለ ኮፍያው ወደ ፊት መጣ። አባዬ ከጎኑ ነበር።

"ጓድ ሊቀመንበር" አለ አባዬ፤ ድምፁ ከጩኸት ብዛት ሰልሏል። "ይህ ሁሉ ሰው የት ይጨፍር?"

ጓድ ግዛው በሩን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ። እትዬ አስካለ እንዝርቷን በእጇ ይዛ ፊት ለፊቱ ቆማ ዓይን ዓይኑን ብቻ ታየዋለች። በዚያ ሰው ፊት የተናገረው ቃል ትዝ ያለው መሰለኝ።

"ቶሎሳ" አለ።

"አቤት ጓድ።"

"ክፈት።"

ጋሽ ቶሎሳ ቁልፉን ከአንገቱ ለማውጣት ሲቸኩል ገመዱ አንቆት ነበር፤ ሴቶች ረዱት። በሩ ሲከፈት የገባነውን አገባብ አልረሳውም። አጥሩ ከተመታ ወዲህ ጠረጴዛ በመሰለችው ሜዳ ላይ አንድም የሰፈራችን ሰው እግሩን አላሳረፈም ነበር። እናቶች ሣሩ እንዳይጎዳ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግር ገቡ። ደመቀና ጓደኞቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጡ፣ ያለ ኳስ፣ ዝም ብለው። ጨፈርን፣ ተሳሳምን፣ ወደቅን። ማንም አልቀረም፤ እማዬም ሳትቀር እስክስታ መታች።

በማግሥቱ ጠዋት አባዬና ጓደኞቹ ከወትሮው ቀድመው ተነሡ። በሩ እንደተከፈተ ነበር። ከሣሩ ዳር፣ ጠርዙን ይዘው ችካላቸውን ተከሉና ድራቸውን ዘረጉ። ነጩ መስመር ቀጥ ብሎ፣ ከድሮው ይልቅ አምሮ ተሰመረ። ረፋዱ ላይ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። ጓድ ግዛው ከፊታቸው ይሄዳል። እኔ ቦኖው ጋ ውኃ እየቀዳሁ ነበር፤ እንስራዬን ትቼ ጠጋ አልኩ። አንደኛው ሰውዬ ሸማኔዎቹን እያየ "ይሄ ምንድን ነው?" አለ። ጓድ ግዛው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሜዳው ሥራ ላይ ነው ጓድ" አለ። "ጠዋት አምራቹ ይሠራበታል፣ ከሰዓት ወጣቱ ስፖርት ይሠራበታል። መጋዘኑን ሌላ ቦታ ብንፈልግለት ሕዝቡ ደስ ይለዋል።"

ሰውዬው አንዴ ሸማኔዎቹን፣ አንዴ ሰዓቱን አየ። ሌሊቱን እሱም ሲጨፍር ያደረ ሳይሆን አይቀርም፤ ዓይኑ ቀልቷል። "እሺ፣ እናየዋለን" ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። አላዩትም። ከአንድ ወር በኋላ ቆርቆሮው ተነቅሎ ለትምህርት ቤታችን ሁለት ክፍል ጣሪያ ሆነ። አባዬም በጥምቀት ዋዜማ የመጨረሻውን ሥራ አስረክቦ ሲመለስ፣ በመንገድ ላይ ጓድ ግዛውን አግኝቶ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣው። እንዲህ ዓይነት ሰላምታ ለሹም ሲሰጥ አይቼው አላውቅም ነበር።

ዛሬ አባዬ የለም። ጓድ ግዛውም መንግሥት ሲለወጥ ከሰፈር ጠፋ፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም። ከሜዳዋ ግማሹን ሕንጻ ወስዶታል፤ የቀረውን ልጆች ይጫወቱበታል። አገራችን ሌላ ትልቅ ውድድር ልታስተናግድ ነው የሚል ወሬ በተነሣ ቁጥር መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ክርክር ይነሣል። ገሚሱ መንገድና ሆቴል ይሠራልናል ይላል፤ ገሚሱ ድሃውን ከየጥጉ ማፈናቀል ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ኳሷ ትምጣ እላለሁ፤ ግን አጥሩ ከመመታቱ በፊት የሰፈሩን ሰው አንድ ጊዜ ጠይቁት።

ባለፈው ወር ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ በስልኳ ኳስ ታያለች። እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ በስልኬ ያንኑ ጨዋታ አያለሁ። ጎል ገባ። ሁለታችንም በየራሳችን "እሰይ!" አልንና ተያየን። ከዚያ ማዳመጫዋን አውልቃ "እማዬ፣ እናንተ ያኔ ከማን ጋር ነበር የምታዩት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ከሁሉም ጋር" አልኳት።

ልጄም ትንሽ አሰበችና፣ ስልኳን ይዛ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።